የጠጋኙን የትምህርት ክፍያ ማን ይክፈል?

ባለፈው ሳምንት አንድ የቻናሉ ተከታታይ በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። ልጁ ከደሴ ነው። በሃርድዌርና ኔትወርክ ሌቭል 4 ጨርሷል። የሙያ ብቃት ምዘናውንም፣ ሁላችንም ሲኦሲ የምንለውን፣ አልፏል። ሥራ መፈለግ ከጀመረ ግን ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል። ጥያቄው አጭር ነበር፦ «ጋሼ፣ ኤ ፕላስ ልማር ወይስ የጉግልን ሰርተፊኬት ልያዝ? ያለኝ ብር የሚበቃው ለአንዱ ብቻ ነው።»

በሁለት መስመር ልመልስለት ጀመርኩና ተውኩት። ጥያቄው ውስጥ ሌላ ጥያቄ አለ። አንድ ወጣት የተበላሸ ኮምፒውተር ለመጠገን፣ ኔትወርክ ለመዘርጋት፣ «ፕሪንተሩ እምቢ አለኝ» ለሚል የቢሮ ሠራተኛ ለመድረስ ሲሰለጥን ወጪውን ከራሱ ኪስ እንዲያወጣ የተፈረደበት ከመቼ ጀምሮ ነው? ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረምና። ታሪኩ ትንሽ ይረዝማል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ተከተሉኝ። (ዓመቶቹ «በእኛ» ካላልኩ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

* * *

ኮምፒውተር ከመምጣቱ በፊት በተበሳ ካርድ የሚሠሩ የሒሳብና የመዝገብ ማሽኖች ነበሩ። የገበያው አውራ አይቢኤም ነበር፤ አይቢኤም ደግሞ ማሽኖቹን አይሸጥም፣ ያከራያል። ባንኩም፣ የባቡር ድርጅቱም፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቱም በየወሩ ኪራይ ይከፍላሉ፤ ማሽኑ ግን የአይቢኤም ንብረት ሆኖ ይቀራል።

ይቺ የውል ጉዳይ ቀላል ትመስላለች፤ ግን ብዙ ነገር ወስናለች። የኪራይ ቤት ጣሪያው ቢያፈስ ማስጠገን ያለበት አከራዩ ነው (የአዲስ አበባ አከራዮች ይህን ባይሰሙም)። ማሽኑ ሲቆም ንብረቱም ስሙም የሚጎዳው አይቢኤም ስለሆነ ጠጋኙን የሚቀጥረው፣ ደመወዝ እየከፈለ የሚያስተምረው፣ በየደንበኛው ቤት የሚያሰማራውም እሱው ነበር። በ1933 በኒውዮርክ ግዛት፣ ኢንዲኮት በምትባል ከተማ የራሱን ትምህርት ቤት አቆመ። በሕንጻው ደረጃዎች ላይ አምስት ቃላት ተቀርጸዋል፦ አንብብ፣ አዳምጥ፣ ተወያይ፣ ተመልከት፣ አስብ። ሻጩም ጠጋኙም በእነዚህ ደረጃዎች ወጥተው ወርደዋል። ጠጋኞቹ «ከስተመር ኢንጂነር» ይባሉ ነበር፤ ሙሉ ልብስና ክራቫት አድርገው፣ የመሣሪያ ቦርሳ አንጠልጥለው ነበር ደንበኛ ቤት የሚሄዱት።

አይቢኤምን እንደ ጻድቅ እያሳየሁ አይደለም። የአሜሪካ መንግሥት በሞኖፖል የከሰሰው እኮ በከንቱ አልነበረም። በ1956 በተደረሰው የፍርድ ቤት ስምምነት ማሽኖቹን ከማከራየት ሌላ ለሚፈልግ እንዲሸጥም ተገደደ። በ1969 ደግሞ፣ ሌላ ክስ እያንዣበበበት ሳለ፣ ሶፍትዌሩን፣ የምህንድስና እገዛውንና ትምህርቱን ከማሽኑ ዋጋ ነጥሎ ለየብቻ እንደሚያስከፍል አስታወቀ። ከዚያ በፊት ከማሽኑ ጋር ተጠቅልሎ ይመጣ የነበረው ዕውቀት የራሱ ዋጋ ተለጠፈበት። ለሶፍትዌር ኩባንያዎች መወለድ ይህ ትልቅ በረከት ሆኗል፤ የታሪክ መጻሕፍትም በዚህ ያስታውሱታል። እኔን የሚስበኝ ግን ትምህርቱም ያን ዕለት ሸቀጥ መሆኑ ነው።

ዋናው ለውጥ የመጣው ነሐሴ 12 ቀን 1981 ነው። አይቢኤም ራሱ የግል ኮምፒውተሩን አወጣ። የመነሻ ዋጋው 1,565 ዶላር ነበር። አንጎሉ ከኢንቴል፣ ስርዓተ ክወናው ከማይክሮሶፍት፣ ሌላውም ክፍል ከገበያ የተገዛ ነው። የሚሸጠውም በኮምፒውተርላንድ ሱቆችና በሲርስ በኩል ነበር፤ ሲርስ ማለት ፍሪጅና የልብስ ማጠቢያ ማሽን የሚሸጥ መደብር ነው። ብዙም ሳይቆይ ኮምፓክና ሌሎች አስመስለው ሠሩት። አሁን ማሽኑ የገዢው ንብረት ሆኗል። ሲበላሽ ማን ይጠግነው?

ሸክሙ ባለ ሱቁ ላይ ወደቀ። ባለ ሱቁ ደግሞ አይቢኤም አይደለም። አንድ ልጅ ቀጥሮ፣ ከፍሎ፣ ስድስት ወር አስተምሮ ለወግ ካደረሰው በኋላ ማዶ ያለው ሱቅ ጥቂት ዶላር ጨምሮ ይወስድበታል። ይህን የመርካቶ ነጋዴም ያውቀዋል። ሁሉም የሰለጠነ ሰው ይፈልጋል፤ ለሌላ ሰው ማሰልጠን የሚፈልግ ግን የለም።

መፍትሔው ከራሳቸው ከነጋዴዎቹ መጣ። በ1982 ማኅበር መሥርተው ነበር፤ ስሙ ሲተረጎም «የተሻሉ የኮምፒውተር ነጋዴዎች ማኅበር» እንደ ማለት ነው። በ1990 ስሙን ለውጦ ኮምፕቲያ ሆነ፤ በ1993 ደግሞ ኤ ፕላስ የሚባለውን ፈተና አወጣ። ሐሳቡ ብልህ ነበር። ፈተናው ከየትኛውም አምራች ጋር አይወግንም። ወደ ስድስት ወር የሥራ ልምድ ያለው ጠጋኝ ሊያውቀው የሚገባውን ይለካል። ያለፈው ወረቀት ይይዛል፤ ባለ ሱቁም ወረቀቱን አይቶ ይቀጥራል።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ፈተናው የስድስት ወር ልምድን ለመለካት የተሠራ ነበር። ያን ስድስት ወር ግን የት ነው የሚያገኘው? የፈተናውን ክፍያስ ማን ይሸፍነዋል? መጀመሪያ አካባቢ ሱቆች ለሠራተኞቻቸው ይከፍሉ ነበር። ቀስ በቀስ ግን ወረቀቱ ሥራ ላይ ያለ ሰው የሚያስመዘግበው ማስረጃ መሆኑ ቀረና ሥራ ለማግኘት ቀድሞ የሚገዛ መግቢያ ቲኬት ሆነ። «ስድስት ወር ሠርተህ ተፈተን» የነበረው «ተፈትነህ ና፣ ከዚያ እናያለን» ሆነ። ማንም ስብሰባ ጠርቶ አልወሰነውም፤ ወጪው ከአሠሪው ትከሻ ወርዶ የተማሪው ትከሻ ላይ ሲቀመጥ ድምፅ እንኳ አላሰማም።

ኖቬልም፣ ማይክሮሶፍትም፣ ሲስኮም የየራሳቸውን ሰርተፊኬት አወጡ። የዶት ኮሙ ሞቅታ ሲመጣ፣ የ2000 ዓመት ቁጥር ስጋትም ሲጨመርበት፣ ጥያቄና መልስ ሸምድዶ ማለፍ ራሱን የቻለ ንግድ ሆነ። አሜሪካኖቹ እንዲህ ላለው ባለ ሰርተፊኬት «የወረቀት መሐንዲስ» ዓይነት ስም አወጡለት፤ ኬብል ነክቶ የማያውቅ ባለ ሰርተፊኬት ማለት ነው። በመጋቢት 2000 የናስዳክ ገበያ ጣሪያ ነክቶ ሲወድቅ መጀመሪያ የተራገፉት እነዚህ ነበሩ።

ስለ ኤ ፕላስ አንድ ነገር ልጨምርና ልለፈው። ወረቀቱ ለዕድሜ ልክ የሚያገለግል ነበር። በጥር 2010 ኮምፕቲያ ከእንግዲህ በየሦስት ዓመቱ መታደስ አለበት፣ ቀድመው የያዙትም ጭምር ብሎ አስታወቀ። ጩኸቱ ስለበረታ በዚያው ወር ወደ ኋላ ተመለሰ። የድሮዎቹ ለዕድሜ ልክ ጸኑ፤ ከ2011 መግቢያ ጀምሮ የወሰዱት ግን በየሦስት ዓመቱ ያድሳሉ። በ2025 መጀመሪያ ደግሞ የሰርተፊኬትና የስልጠና ንግዱ ኮምፕቲያ ከሚለው ስሙ ጋር ለሁለት የኢንቨስትመንት ድርጅቶች ተሸጠ፤ ማኅበሩ ራሱ ሌላ ስም ይዞ ቀጠለ። ነጋዴዎች ለጋራ ችግራቸው የሠሩት ፈተና ራሱ የሚሸጥና የሚገዛ ድርጅት ለመሆን ሠላሳ ዓመት ከትንሽ ፈጀበት።

* * *

ወደ ቤታችን እንምጣ።

ኢንተርኔት አገራችን የገባው በጥር 1997 በቴሌ በኩል ነው። ከዚያ በፊትም ግን የኮምፒውተር ማሰልጠኛዎች ተከፍተው ነበር። ብዙዎቹ የታይፕ ትምህርት ቤቶች ነበሩ፤ ኦሊቬቲውን አንስተው በቦታው ኮምፒውተር አስቀመጡ። ታፔላው ላይ «ቤዚክ ኮምፒውተር»፣ «ፒችትሪ»፣ ከታች ደግሞ «ሜንቴናንስ» ይል ነበር። ዶስ፣ ዎርድ ፐርፌክት፣ ሎተስ የሚባሉትን ፕሮግራሞች የምታስታውሱ እጃችሁን አውጡ፤ ዕድሜያችንን እንተዋወቅ።

እኔም በ1990ዎቹ በእኛ ሜንቴናንስ ተማርኩ። የት እንደሆነ አልናገርም። ለአሥራ አራት ተማሪ ሁለት ኮምፒውተር ነበረን። አንዱ ይሠራል፣ ስለሚሠራ አይነካም። ሌላው አይሠራም፣ ስለማይሠራ ተከፍቶ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። መምህራችን በእስክሪብቶው እየጠቆመ «ይሄ ራም ነው፣ ይሄ ፓወር ሰፕላይ ነው» ይለናል፤ እኛ ሥዕሉን ደብተር ላይ እንገለብጣለን። በሦስት ወራችን አንድ ብሎን ሳንፈታ በማዕረግ ተመረቅን። ሰርተፊኬቱ ወርቃማ ጠርዝ ነበረው።

ሙያውን የተማርኩት በኋላ ነው፤ አንድ ጥገና ቤት ውስጥ፣ ያለ ክፍያ። ባለቤቱ ብዙ አይናገርም። የመጀመሪያ ቀን ላጲስ ሰጠኝ። ላጲሱ ለምን እንደሆነ ሳይገባኝ ቆየሁ። አልነሳ ያለ ኮምፒውተር ሲመጣ ራሙን ነቅሎ፣ ወርቃማ ጥርሶቹን በላጲስ አሽቶ፣ በትንፋሹ እፍ ብሎ መለሰው፤ ኮምፒውተሩም ተነሳ። በአቧራና በእርጥበት የጠቆረ ጥርስ በላጲስ እንደሚጸዳ የትኛውም ሞጁል ላይ አላነበብኩም ነበር። ከእሱ የተማርኩት ሌላው ነገር ደንበኛን መጠየቅ ነው። «ምን ሆነ?» አይልም። «ከመበላሸቱ በፊት መጨረሻ ላይ ምን ስታደርጉ ነበር?» ነው የሚለው። በዓለም ያሉ የአይቲ ድጋፍ ማሰልጠኛዎች ዛሬም በትልቁ የሚያስተምሩት ይህንኑ ነው።

መንግሥት ወደ ዘርፉ በሰፊው የገባው በ1990ዎቹ በእኛ ነው። አሥረኛ ክፍል ከጨረሱት ውስጥ ወደ መሰናዶ ያልገቡት 10+1፣ 10+2፣ 10+3 በሚባለው ቴክኒክና ሙያ ገቡ። አይቲ ደግሞ ከታወቁት ዘርፎች አንዱ ሆነ። በዚያው ሰሞን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ፕላዝማ ተተከለላቸው፤ ወረዳኔት በመቶዎች የሚቆጠሩ ወረዳዎችን አገናኘ። የፕላዝማው ዘመን ልጆች ታስታውሳላችሁ፤ መብራት ሄዶ ሲመጣ፣ ምስሉ ሲቆም፣ ድምፁ ሲጠፋ መምህሩም ተማሪውም ጥቁሩን መስታወት ያያሉ። ዕቃው በአንድ ጊዜ በየገጠሩ ደረሰ፤ የሚጠግነው ሰው ግን ዕቃውን ተከትሎ አልደረሰም። ማሽን በጨረታ በአንድ በጀት ዓመት ይገዛል። ጠጋኝ በጨረታ አይገዛም።

በ2008 የወጣው የቴክኒክና ሙያ ስትራቴጂ ነገሩን በሌላ መልክ አደራጀው። ስልጠናው በደረጃ (ሌቭል) ተከፈለ፣ የሙያ ደረጃ መለኪያዎች ተዘጋጁ፣ ምዘናው ከማሰልጠኛው ተነጥሎ ለብቃት ማረጋገጫ ማዕከል ተሰጠ። የጀርመኑን አካሄድ ተከትሎም የትብብር ስልጠና የሚባለው መጣ። በወረቀት ላይ ሰልጣኙ 70 በመቶውን ጊዜ በድርጅት ውስጥ፣ 30 በመቶውን በተቋሙ ያሳልፋል።

በዚህ ላይ ያለኝ አስተያየት ብዙዎቻችሁን ላያስደስት ይችላል። እንደ ንድፍ የእኛ ሲኦሲ ከኤ ፕላስ ይሻላል እላለሁ። ኤ ፕላስ በአብዛኛው ምርጫ የምታጠቁርበት ፈተና ነው። ሲኦሲ ግን ኬብል ክሪምፕ አድርግ፣ ሁለት ኮምፒውተር አገናኝ፣ ፎልደርና ፕሪንተር ሼር አድርግ፣ ስርዓተ ክወና ጫን ይልሃል፤ መዛኙ ቆሞ እጅህን ያያል። የጎደለው ምዘናው ላይ ሳይሆን 70 በመቶው ላይ ነው። የጀርመን ድርጅት ሰልጣኙን የሚቀበለው ውል ፈርሞ፣ አበል እየከፈለ፣ በንግድ ምክር ቤቱ ቁጥጥር ሥር ነው። ያ ሥርዓት ረጅም ዕድሜ ባላቸው የሙያ ማኅበራት ላይ የቆመ ነው። እኛ መቶኛውን ወሰድን፤ ከመቶኛው በስተጀርባ የነበረውን ግዴታ ግን አላመጣነውም። ስለዚህ ብዙው ሰልጣኝ ድርጅት ሄዶ ፎቶ ኮፒ አንስቶ፣ ደብዳቤ አድርሶ፣ «በመልካም ሥነ ምግባር አጠናቋል» የሚል ማህተም ያለበት ወረቀት ይዞ ይመለሳል። ድርጅቱንም ብቻ አልወቅስም። ለማስተማር የሚከፍለው የለም፤ ልጁ ሰርቨሩን ቢያጠፋበት ግን ኪሳራው የእሱ ነው።

* * *

ስለ ሲስኮ አካዳሚ ጥቂት ልበል። በ1990ዎቹ ሲስኮ ለትምህርት ቤቶች ኔትወርክ ሲሸጥ ዕቃውን የሚይዝ ሰው እንደሌለ አየ። በ1997 በሰባት የአሜሪካ ግዛቶች ባሉ 64 ትምህርት ቤቶች ተማሪዎቹን ራሳቸውን ማሰልጠን ጀመረ። በኋላ ወደ ታዳጊ አገሮች ሲስፋፋ እኛም ጋ ደረሰ፤ ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ ሰርቨር ክፍል የምታገኟቸው ጎልማሶች ውስጥ በእሱ ያለፉ ጥቂት አይደሉም። እርግጥ ነው ኩባንያው የራሱን ዕቃ የሚያውቅ ትውልድ ማፍራቱ ነበር። ቢሆንም ለተማሪው ርካሽ ወይም ነጻ ሆነ፣ ላቦራቶሪ ውስጥ እጅ የሚነካ ዕቃ ተቀመጠ። በጎ አድራጎትና ጥቅም አንድ ላይ ሲገጥሙ አልፎ አልፎ እንዲህ ያለ ነገር ይወጣል።

አሁን ወደ ዋሽንግተን ዲሲ። በአሜሪካ ያለው የእኛ ሰው የኤ ፕላስንና የሴኩሪቲ ፕላስን ስም ለምን እንዲህ እንደለመደው አስባችሁ ታውቃላችሁ? ምክንያቱ አንድ መመሪያ ነው። በ2004 የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር 8570 የሚል ቁጥር ያለው መመሪያ አወጣ፤ የአፈጻጸም ማንዋሉ በ2005 መጨረሻ ተከተለ። በመከላከያ ኔትወርክ ላይ የሚሠራ ሁሉ፣ ወታደርም ሆነ የኮንትራክተር ሠራተኛ፣ ከተዘረዘሩት ሰርተፊኬቶች አንዱን መያዝ አለበት አለ። በመግቢያው ደረጃ ኤ ፕላስ፣ ከፍ ሲል ሴኩሪቲ ፕላስ ነበሩበት። ፔንታጎን ያለው ቨርጂኒያ ነው። የኮንትራክተሮቹ ቢሮዎች በአካባቢው ተኮልኩለዋል። ሀበሻውም በአሌክሳንድሪያ፣ በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በዲሲ ውስጥ ነው የሚኖረው።

ከፓርኪንግ ዳስ ውስጥ በሌሊት ሽፍት ወፍራም መጽሐፍ የሚያነብ የአገራችንን ሰው ያላየ የዲሲ ነዋሪ የለም። በአገሩ መምህር የነበረ፣ በአገሩ ባንክ የሠራ፣ ግን ዲግሪው ሚዛን ያልደፋለት። ለእሱ ሰርተፊኬቱ በትክክል በር ነበር፤ መንግሥት በሕግ «ይህን የያዘ ይግባ» ብሏልና። ሐበሾች ራሳቸው የከፈቷቸው ማሰልጠኛዎችም በዚሁ መሠረት በቀሉ፤ ቅዳሜና እሁድ አማርኛ እየቀላቀሉ ያስተምራሉ። በሩ ሌላም ቁልፍ ነበረው፤ የምስጢር ፈቃድ። እሱ ደግሞ ዜግነት ይጠይቃል። ግሪን ካርድ ይዘህ በተለመደው መንገድ አምስት ዓመት ትጠብቃለህ፣ ከዚያ ትማላለህ፣ ከዚያ የሚመረምርህ ይመረምርሃል። ብዙ ሰው ፈተናውን ካለፈ በኋላ ዳሱ ውስጥ ዓመታት የተቀመጠው በዚህ ምክንያት ነው።

የደሴው ልጅ የማያየው ይህንን ነው። ያ የዲሲ ዘመዱ «ኤ ፕላስ ሕይወቴን ቀየረው» ሲለው እውነቱን ነው። ግን የቀየረው ወረቀቱ ብቻውን ሳይሆን ከወረቀቱ ጀርባ የነበረው መመሪያ ነው። ያ መመሪያ ደሴ ውስጥ የለም።

* * *

ይህን የምለው በግምት ብቻ አይደለም። በኒውዮርክ ብሮንክስ በ1995 የተቋቋመ ፐር ስኮላስ የሚባል ድርጅት አለ። ሲጀምር አሮጌ ኮምፒውተር አድሶ ለድሃ ቤተሰቦች ያደርስ ነበር። በኋላ ራሳቸውን የሰፈሩን ሰዎች በነጻ ጠጋኝነት ማሰልጠን ጀመረ፤ መጨረሻው የኤ ፕላስ ፈተና ነው። አጥኚዎች አመልካቾችን በዕጣ ለሁለት ከፍለው ተከታተሏቸው፣ መድኃኒት ሲሞከር እንደሚደረገው። በ2010 የወጣው ጥናት ይህንን ጨምሮ ሦስት ድርጅቶችን አይቶ፣ ሰልጣኞቹ በሁለት ዓመት ውስጥ ዕጣው ካልደረሳቸው ሰዎች በአማካይ 18 በመቶ፣ ወደ 4,500 ዶላር ግድም፣ የበለጠ ማግኘታቸውን አሳየ። በስልጠና ጥናት ይህ ብዙ ነው፤ ስንት ፕሮግራም በዜሮ ወጥቷል።

ምን አድርገው ነው? ትምህርቱ ከሌላው የተለየ አልነበረም። አመልካቹን አጣርተው ያስገባሉ። ሰዓት ማክበርን፣ ስልክ ማንሳትን፣ ቃለ መጠይቅን ያስተምራሉ። ከሁሉ በላይ ግን አሠሪዎቹን በስም ያውቃሉ፤ ደውለው «አንድ ልጅ አለኝ» ይላሉ። የመርካቶ ነጋዴ ዘመዱን የሚያስቀጥርበት መንገድ ነው፤ ልዩነቱ ዘመድ ለሌለው ሰው መደረጉ ነው።

ጉግል በጥር 2018 የአይቲ ድጋፍ ሰርተፊኬቱን በኮርሴራ ሲያወጣ ይህን ሳያውቅ አልቀረም። አምስት ኮርስ፣ ያለ ቅድመ ልምድ፣ በወር 49 ዶላር። ሥራ ላይ ማንን እንደሚፈልግ ኩባንያው በራሱ የድጋፍ ሠራተኞች ስልጠና ቀድሞ ሞክሮ ያውቀው ነበር። ለአሥር ሺህ ሰዎች ክፍያውን ሸፈነ፤ ካከፋፈለባቸው አንዱ ይኸው ፐር ስኮላስ ነው። ባንክ ኦፍ አሜሪካንና ዋልማርትን የመሳሰሉ አሠሪዎችም የተመራቂዎቹን መረጃ ለማየት ተስማሙ። ትምህርቱ ጥሩ ነው፣ ራሴ አይቼዋለሁ። ነገር ግን አሠሪዎቹ ያሉት አሜሪካ ነው። እኛ ጋ የደረሰው ቪዲዮው ነው።

አሁን ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። የይለፍ ቃል መቀየር፣ «አጥፍተህ አብራው» ማለት፣ የተለመዱ ጥያቄዎችን መመለስ፣ ይህ ሁሉ የጀማሪው ሥራ ነበር። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ብዙው ወደ ህንድ የስልክ ማዕከላት ሄዶ ነበር። ዴል ባንጋሎር ከከፈተ ከሁለት ዓመት በኋላ በ2003 መጨረሻ የድርጅት ደንበኞቹ ቅሬታ ስለበዛበት የእነሱን ጥሪ ወደ አሜሪካ መለሰ። ያኔ ሥራው ከአንድ ሰው ወደ ሌላ ሰው ነበር የሄደው። ዛሬ ግን ሰው ሰራሽ አስተውሎት ነው የሚወስደው። የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮም እስከ 2034 ባለው ትንበያው የኮምፒውተር ድጋፍ ሠራተኞች ቁጥር በጥቂቱ እንደሚቀንስ አስቀምጧል። ዝቅተኛው የመሰላሉ ደረጃ ሲነሳ ሁለተኛው ላይ የሚወጣ ሰው ከየት ይመጣል? ልምድ ያለው ኔትወርክ አስተዳዳሪ ሁሉ አንድ ቀን ይለፍ ቃል ሲቀይር የነበረ ልጅ ነው።

እኛ ጋ በሐምሌ 2016 በእኛ ከተባበሩት አረብ ኤምሬትስ ጋር የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ኢኒሼቲቭ ተጀመረ። ፕሮግራሚንግ፣ የአንድሮይድ መተግበሪያ፣ ዳታ ሳይንስ፣ ሰው ሰራሽ አስተውሎት፤ ነጻ ነው፣ መመዝገብም አይከፋም፣ ልጆቼን አስመዝግቤያለሁ። ግን ዝርዝሩ ውስጥ ጥገናና ድጋፍ የሚባል የለም። የጤና ጣቢያው ኮምፒውተር ሲቆም፣ የወረዳው ኔትወርክ ሲቋረጥ፣ የባንኩ ቅርንጫፍ «ሲስተም የለም» ብሎ ወረቀት ሲለጥፍ የምንፈልገው ኮደር አይደለም። መሰላል ይዞ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ኬብሉን የሚያይ ሰው ነው። ያ ሥራ ገና በቻትቦት አልተተካም፤ አይጥ የበላውን ኬብል ቻትቦት አይቀጥልም።

* * *

ለልጁ የመለስኩለት እንዲህ ነው። የጉግሉን ኮርስ በኮርሴራ የገንዘብ ድጋፍ ጠይቀህ ውሰደው፤ ማመልከቻ መጻፍ ነው፣ ዶላር ካርድ ፍለጋ አትንከራተት። ኤ ፕላሱን ለጊዜው ተወው። በአሜሪካ ዋጋ ሁለት ፈተና ነው፣ እያንዳንዱ ከ250 ዶላር በላይ፣ በየሦስት ዓመቱም ይታደሳል፤ አሠሪህ ካልጠየቀህ በቀር ለጌጥ አይገዛም። በዚያች ብር ክሪምፐር፣ የኬብል መፈተሻ፣ ጥሩ የብሎን መፍቻ ስብስብና ሁለት ፍላሽ ግዛ። ከዚያ ከተማህ ውስጥ ብዙ ኮምፒውተር ያላቸውን አምስት ቦታዎች ቁጠርና ሂድ፤ ክሊኒክ፣ የግል ትምህርት ቤት፣ ፋርማሲ፣ ሆቴል። «ሥራ አለ?» አትበል። «ያልተሠራላችሁ የተበላሸ ነገር አለ?» በል።

ምክሩን ከላክሁ በኋላ ትንሽ አፈርኩ። እኔም በመጨረሻ የነገርኩት ያንኑ ነው፤ ወጪውን ራስህ ቻል፣ የመጀመሪያውን ስድስት ወር በነጻ ሥራ። የጥገና ቤቱ ባለቤት እኔን ያስተማረኝ ያለ ክፍያ ነበር፤ እኔም የሠራሁለት ያለ ክፍያ ነበር፤ ያኔ ቤት ኪራይ አልነበረብኝም፣ እናቴ ቤት ነበር የምበላው። ይህ ልጅ እናት ይኑረው አይኑረው አልጠየቅሁትም።

ትናንት ማታ ጻፈልኝ። አንድ የግል ክሊኒክ ሦስት የሞቱ ኮምፒውተሮች መጋዘን ውስጥ እንዳሉት ነገሩት። ሁለቱን አስነስቷል። አንደኛው ራሙ ነበር።

«በምን አጸዳኸው?» አልኩት።

«በላጲስ» አለኝ። «ኮሌጅ አላስተማሩንም፣ ቲክቶክ ላይ አይቼ ነው።»

ክፍያውን ገና አልነገሩትም። ሦስተኛውን ሠርቶ ሲጨርስ እንነጋገራለን ብለውታል።